አስነጋሪዋ ማን ናት?

ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። በዚህ ደጋ የሚያስተምር ሰው ሁለት ዓይነት አዳሪ ተማሪ ያውቃል። አንደኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለራቀው ከተማ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት የተከራየ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ የሚማር የገበሬ ልጅ ነው። ሌላው በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት የሚማር፣ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ ያነገበ የቆሎ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍና ጥቁር ሰሌዳ አለው፤ ደወል ሲደወል ግን ትምህርቱ ያበቃል፤ ምሽቱን የሚጠብቅለት የለም። የሁለተኛው ትምህርት ጀምበር ስትጠልቅም ይቀጥላል። የማስተማር ሙያ ከአብነት ትምህርት ቤት የሚወርሰው ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለኛል፦ የአዳሪ ትምህርት ቤት ዋና ሥራ ከክፍል ውጭ ያለውን ሰዓት ማደራጀት ነው።

የቅኔ ቤትን አሠራር እንይ። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይነሣና ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩን ይፈታሉ። ከዚያ ተማሪው ዛፍ ሥር ወይም አፋፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ በትምህርት ስለቀደመ ብቻ የሌላውን ያርማል። የየኔታ አንድ ጆሮ ለዚያ ሁሉ ተማሪ አይበቃም፤ አስነጋሪውም የጀማሪውን ስሕተት ሲያቃና የራሱን እውቀት ያጠራል። ለዜማው ለድጓ ምስክርነት ተማሪ ከየአገሩ በሚመጣባት በጋይንቷ ቤተልሔምም፣ አንዱ ሲቀጽል ሌላው እያዳመጠ ነው የሚማረው።

«ይህ ሽምደዳ ነው» የሚል ተቃውሞ አለ። ስለ ዳዊት ንባብ ከሆነ እውነትነት አለው፤ ሕፃኑ ግእዙን ሳይፈታው ይደግመዋል። ቅኔ ቤት ግን የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ሰምና ወርቁን አስማምቶ ዕለት ዕለት አዲስ ማምጣት ግድ ይላል። በቃል የተያዘው ግስና ታሪክ እዚያ የፈጠራ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ በጠባብ ጎጆ ከእከክና ከቅማል ጋር ያድራል። ልመናው ትሕትና ያስተምራል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቆጠራው፣ ነገራው፣ ቀጸላው፣ አንዱም ባዶ ሆድ አይጠይቅም። ሴት ልጅንም ያራቃት ይኸው ኑሮ እንጂ የትምህርቱ ክብደት አይደለም፤ ብቻዋን አገር አቋርጣ፣ ለምና እንድታድር ማን ይፈቅዳል? ለዚህ ምስክሯ የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ሥውር ሆነው ሳሉ የቅኔ መምህር እስከ መሆን ደረሱ፤ የተማሩት ከመምህሩ አባታቸው ነበርና መሰደድ አላስፈለጋቸውም።

እንግዲህ በዚህ በላስታ ደጋ ወንዱንም ሴቱንም የሚያሳድር ትምህርት ቤት የሚያስብ፣ ቤተ ክርስቲያንም ትሁን መንግሥት፣ የልጃገረዶች ማደሪያ፣ ወጥ ቤትና ንጹሕ ውኃ ማሰናዳቱ የማይታለፍ ግዴታው ነው። ያ ሁሉ ተሟልቶ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ እራት ከተበላ በኋላ የ9ኛ ክፍሏ ልጅ የሠራችውን ሒሳብ ለማን ትነግራለች? በሩን የከፈተው ሁሉ መልሱን ቀድሞ ማወቅ አለበት።