የመንታ ዲስክን ሥራ ስለ መመርመር

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ በጨና ወረዳ በምትገኘው በዋጫ፣ ዝናብ ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን በማይለይበትና መብራት ድንገት ሄዶ ድንገት በሚመለስበት አገር፣ የመሥሪያ ቤትን መዝገብ ወይም የቡና ማኅበርን ሒሳብ የሚጠብቅ ኮምፒውተር ባለ ሁለት ዲስክ እንዲሆን ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው። በአንደኛው ዲስክ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት በሁለተኛው ስለሚጻፍ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ምሉእ ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በ1988 እ.ኤ.አ. ሬይድ ብለው በደረጃ ሲከፍሉትም ይህን ጥንድ አጻጻፍ ከደረጃዎቹ መጀመሪያ አድርገውታል። ነገር ግን ሥራውን ተረክቦ ዋጋ የሚከፍል ሰው ሁለት ዲስክ መኖሩን አይቶ ከመርካቱ አስቀድሞ፣ ሁለተኛው ብቻውን ይነሣ እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የባለሙያው ማዕርግ የሚለየው በዚህ ጥያቄ ነውና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራም ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዐት የተጣመሩትን ዲስኮች እንደ አንድ አካል የሚያይበት ዕውቀት ስለሌለው፣ ማስነሻውን ከአንዱ ዲስክ ላይ ለብቻው ይፈልጋል። በአሮጌው በባዮስ ሥርዐት የማስነሻው መነሻ በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ይገኛል፤ በአዲሱ በዩኢኤፍአይ ሥርዐት ደግሞ ፋት በሚባል አሠራር በተሰናዳ አነስተኛ ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፍል፣ ላይ ይቀመጣል፤ እነዚህም ስፍራዎች ብዙ ጊዜ ከጥምረቱ ውጭ ስለሚቀሩ፣ ባለሙያው አስቦ ካልቀዳቸው በቀር፣ ሰነዱ ሁሉ በሁለት ሲጻፍ ማስነሻው በአንዱ ብቻ ይኖራል። የቀድሞው የካፋ መንግሥት እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ድረስ በጥልቅ ጉድባ ታጥሮ፣ ገቢና ወጪው በዘበኛ በሚጠበቁ በሮች ያልፍ እንደ ነበረ ከአባቶቹ የሰማ ያገሬው ሰው፣ ጎተራው ሁለት፣ በሩ ግን አንድ የሆነ ግቢ ምን እንደሚያገኘው ለመረዳት ረጅም ትርጓሜ አያሻውም።

ስለዚህ ተረካቢው ፈተናውን በገዛ ዓይኑ ይይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ፤ ባለሙያው ሁለተኛውን ዲስክ ነቅሎ ኮምፒውተሩን ሲያስነሣና ሁሉም ሲያጨበጭብ አይቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን የተነሣው ከቀድሞውም ይነሣበት ከነበረው ከመጀመሪያው ዲስክ ስለሆነ፣ ያ ፈተና ምንም አላስረዳም። መነቀል ያለበት የመጀመሪያው ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ የመጀመሪያው ዲስክ ኬብል ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ሲከፈት ማንም ኪቦርድ ሳይነካ እስከ መግቢያው ገጽ ቢደርስ፣ ሥራው የባለ እጅ ሥራ ነው።

ማስነሻው በሁለቱም ላይ ኖሮ እንኳ ሥራው የሚወድቅበት ሌላ ስፍራ አለ፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው። ሊኑክስ መነሣት ይጀምርና፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቀይ ኮከቦች ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ በተነቀለው ዲስክ ላይ የነበረውን የማስነሻ ፓርቲሽን አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ካጣውም በኋላ ወደ አደጋ ጊዜ ገጽ ገብቶ የዋናውን ኃላፊ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያን ቃል የሚያውቀው ሰው ጅማ ወይም አዲስ አበባ ከሆነ፣ ሙሉ መዝገብ በእጁ ያለው መሥሪያ ቤት ባለጉዳዩን በደጅ አቁሞ ይውላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ይህን ፓርቲሽን፣ ባይገኝ እንዲታለፍ አድርጎ፣ ሊኑክስ ሲነሣ በሚያነበው የፓርቲሽኖች ዝርዝር ውስጥ አስቀድሞ ይጽፈዋል፤ ይህች አንዲት ቃል ብቻ የምትጠይቅ ጥንቃቄ፣ ሥራውን በሠራው ሰው አሳብ ውስጥ የክፉ ቀን ምስል እንደ ነበረ ታሳያለች።

ፈተናው ካለፈ በኋላ የተነቀለው ዲስክ ተመልሶ ይሰካል፤ ሁለቱ ፈጽሞ እስኪተካከሉም ድረስ ሌላው አይነካም። ይህን ሳይጠብቁ አንዱን ቀጥሎ ሌላውን ለየብቻ ማስነሣት፣ መንትዮቹ የተለያየ ታሪክ እንዲጽፉና የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ቀጥሎ የዩኢኤፍአይ የማስነሻ ዝርዝር ይታይ። በዚያ የሁለቱ ዲስኮች ስም በተራ፣ ሊለይ በሚችል አጠራር፣ ተጽፎ ሊገኝ ይገባል። ሆኖም ይህ ዝርዝር የሚኖረው በማዘርቦርዱ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ቦርዱ ተቃጥሎ ሌላ ቢተካ ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሊቅ ባለሙያ በሁለቱም ፓርቲሽኖች ላይ፣ ዩኢኤፍአይ ዝርዝር ሲያጣ በራሱ በሚፈልገው፣ «ቡት» በተባለው የተለመደ ፎልደር ውስጥ አንድ የማስነሻ ቅጂ የሚያኖረው።

አንዳንዶች የማስነሻውን ፓርቲሽን ራሱን በጥምረት ውስጥ አግብተው፣ የጥምረቱን ምልክት በመጨረሻው ጫፍ በማስቀመጥ፣ ዩኢኤፍአይ ተራ ፓርቲሽን መስሎት እንዲያነበው ያደርጋሉ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን ዩኢኤፍአይ በአንደኛው ላይ ብቻ አንዳች ቢጽፍ ሁለቱ ሳይታወቅ ስለሚለያዩ፣ ሁለት ነጻ ፓርቲሽኖችን እመርጣለሁ። የሬይድ ካርድ ያለው ሰርቨር ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነጻ ነው፤ ካርዱ ሁለቱን ዲስኮች እንደ አንድ አድርጎ ያቀርባልና፤ ነገር ግን ካርዱ ራሱ መንታ የለውም።

ነጻ ፓርቲሽኖችን የመረጠ ሰው ግን የማደስን ግዴታ ይቀበላል። ሥራው በተሰጠበት ዕለት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ከታደሰ በኋላ፣ አንደኛው አዲስ ሁለተኛው አሮጌ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ20.04 እትሙ ጀምሮ፣ ማስነሻው በታደሰ ቁጥር በበርካታ ፓርቲሽኖች ላይ እንዲጻፍ የተሰናዳ ነው፤ ሁለቱም ዲስኮች ግን ተመርጠው መመዝገብ አለባቸው። ስለዚህ የርክክቡ ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት፣ ማስነሻው በፊትህ አንድ ጊዜ እንደ አዲስ እንዲጻፍ አድርግና፣ በሁለቱ ፓርቲሽኖች ላይ የተቀመጡትን ፋይሎች ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን አንብብ፤ የሁለተኛው ቀን ያለፈው ሳምንት ከሆነ ፊርማህን ያዝ።