ክብደቱ የስፔን፣ መልኩ የእንግሊዝ

«ፖርትኩሊስ» የተባለውን የእንግሊዝ የብር ገንዘብ ሰብሳቢዎች ስለ ብርቅነቱ ይፈልጉታል፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ያልሰመረ ሙከራ ብለው በጥቂት መስመር ያልፉታል። ፍርዱ የችኮላ ይመስለኛል።

ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመብት ደብዳቤ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1600 የመጨረሻ ቀን ነው። ኩባንያው 30 ሺህ ፓውንድ የሚያወጣ ብር ከአገር እንዲያስወጣ ሲፈቀድለት፣ ከዚያ ቢያንስ 6 ሺህ ፓውንዱ በእንግሊዝ እንዲቀረጽ ግዴታ ተጣለበት። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። በርበሬና ቅመም በሚሸጥባቸው የእስያ ወደቦች የሚታወቀው ከሜክሲኮና ከፖቶሲ ብር የሚቀረጸው የስፔን ባለ 8 ሪያል ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ ከ1585 ጀምሮ ከስፔን ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ንግሥቲቱ የጠላታቸው ንጉሥ ስም በራሳቸው ነጋዴዎች እጅ እስያን እንዲዞር አልወደዱም።

ስለዚህ በለንደን ግንብ የተቀረጸው ገንዘብ ክብደቱ ከአገሩ ሽልንግ ጋር ሳይሆን ከ8፣ ከ4፣ ከ2 እና ከ1 ሪያል ጋር እንዲመጣጠን ተደረገ። በአንድ ወገን የንግሥቲቱ አርማ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ የምሽግ በር የብረት ፍርግርግ አለበት። ስሙንም ያገኘው ከዚህ ፍርግርግ ነው።

በጄምስ ላንካስተር የሚመሩት መርከቦች በ1601 ተነሥተው በቀጣዩ ዓመት አቼህ፣ ከዚያም ባንታም ወደተባሉት የእስያ ወደቦች ደረሱ። ገንዘቡ ግን ገበያ አላገኘም፤ ኩባንያውም በኋለኞቹ ጉዞዎቹ ወደ ሪያል ተመለሰ። ይህን የእስያ ነጋዴ ለለመደው ነገር ካለው ግትርነት የመጣ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። የማያውቁትን ብር መመዘንና ጥራቱን መፈተን ጊዜም ወጪም ይጠይቃል፤ የሪያልን ጥራት ግን ገበያው አስቀድሞ ፈትኖ ጨርሷል። የባንታም ነጋዴ ያደረገው በሚገባ የታሰበ ስሌት ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ይህን ያጠናክራል። በ1660ዎቹ የዶምብ ልዕልት የነበሩት ፈረንሳዊቷ የሞንፓንሲዬ ዱቼስ በትሬቩ ከተማ ያስቀረጹት ትንሽ የብር ገንዘብ በኦቶማን ገበያ ተወደደ። እንደ ታሳሮሎና ፎስዲኖቮ ያሉ የጣሊያን ትናንሽ ግዛቶች መልኩን አስመስለው ብሩን አሳነሱ፤ ማታለሉ እስኪታወቅ ድረስም ተቀባይ አላጡም። እነሱ መልኩን ወስደው ብሩን ሲተዉ፣ ፖርትኩሊስ ብሩን ጠብቆ መልኩን ተወ። በእኛም አገር በፓሪስ የተቀረጸው የዳግማዊ ምኒልክ ብር የኦስትሪያን የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደት ይዞ ቢወጣም ባለ ሴት መልኳን ብር ከገበያ ማስወጣት ሳይችል ቀርቷል።

ስለዚህ ፖርትኩሊስን ከኤልሳቤጥ ሽልንጎች ተርታ ማስቀመጥ ታሪኩን ይሸፍናል። ሙዚየሞች ከስፔን ባለ 8 ሪያል ጎን ሊያሳዩት ይገባል።