ርካሽ ኑሮ ለማን?

ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከሚኒያፖሊስ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ወንድማችን ሮቤ ገበያ ውስጥ ቆሞ ሲያሰላ ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም። የበጉን፣ የሐረና ማሩን፣ የቤት ኪራዩን ዋጋ ይጠይቃል። ሁሉንም ወደ ዶላር ወይም ወደ ሪያል ይመነዝርና «ይህማ በነጻ ነው!» ይላል። አጠገቡ የቆመችው አክስቱ ግን ያንኑ ዋጋ ሰምታ ዝም ትላለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ለእርሱ ርካሽ ነው፤ ለእርሷ ውድ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው የእርሱ ስሌት ብቻ ተነጥሎ «የአገሩ ኑሮ» ተብሎ ሲወራ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የአንድ ወንድማችን ብቻ አይደለም። መርሰር የተባለው ኩባንያ ኒው ዮርክን መነሻ አድርጎ በዓለም ላይ ያሉ ከ200 በላይ ከተሞችን የኑሮ ውድነት ሲያወዳድር ኖሯል። የቤት፣ የመጓጓዣ፣ የምግብ፣ የልብስና የመዝናኛ ዋጋ ይመዘናል። ውጤቱ የሚጠቅመው ሠራተኞቻቸውን ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ለዚያ ሥራ ነውር የለበትም። ነገር ግን የዚያ ከተማ ተወላጅ በወር ምን ያህል ያገኛል ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ከተማ ርካሽ ነው ሲባል ለተላከው ሰው እንጂ ለነዋሪው አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ ሠራተኞቹ የሚመደቡባቸውን ቦታዎች እንደ ኑሯቸው ክብደት ከ«ኤ» እስከ «ኢ» በደረጃ ይከፍላል። ጤና፣ ጸጥታ፣ የአየር ጠባይ፣ ቤትና ትምህርት ይታያሉ። ቦታው በከበደ መጠን አበሉም ይጨምራል። እንግዲህ አስቡት! አንዱ ቦታ በአንድ መዝገብ «ርካሽ»፣ በሌላው መዝገብ «አስቸጋሪ» ሊባል ይችላል። ከሩቅ የመጣው ሰው በርካሽነቱ ይጠቀማል፣ ለአስቸጋሪነቱም ይካሳል። እዚያው ተወልዳ በዚያው የምትሠራው ነርስ ግን ርካሽነቱም ካሳውም አይደርሳት።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ትገኛለች። የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ርዕሰ ከተማ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ከጎባ በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሳነቲ አምባ አለ። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው፤ ፓርኩም በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ተመራማሪውም፣ የጥበቃ ባለሙያውም፣ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር የሚመጣውም እንግዳ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም።

እዚህ በገንዘብ የማይገዛ ብዙ መልካም ነገር አለ። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ቅቤውና ወተቱ የቅርብ ነው። ሰው ሲታመም ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። ልጅ ከመድረሳ ብቻውን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በመንገድ ቢያጠፋ የሚገሥጸው ሽማግሌ አያጣም። በትልቅ የባዕድ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የማይገኝ ሀብት ነው። ነገር ግን ገንዘብ እያለም በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለ። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ ሆኖም ከበድ ያለ ሕመም ሲመጣ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ወደ አዲስ አበባ ነው። ለውጭ ሰው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለመንገዱ መኪና፣ ለሕመሙ ወደ ናይሮቢ የሚያሳፍር መድን ይቀርብለታል። ይህ ሁሉ ወጪ ተደምሮ ሲታይ ርካሽ የተባለው ኑሮ ርካሽ አይደለም። ከፋዩ መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ብቻ አይታይም።

ከሁሉ በላይ ግን የርካሽነቱን ምንጭ እንመርምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሆነ። ለምሳሌ ያህል 5,700 ብር የሚከራይ ቤት በዶላር ለሚከፍል ሰው 100 ዶላር ነበር፤ ምንዛሪው 114 ብር ሲደርስ 50 ዶላር ሆነለት። በዚያው ጊዜ 11,400 ብር የሚያገኝ መምህር ደመወዙ ከ200 ወደ 100 ዶላር ወረደ። ከውጭ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት ግን ዶላሩን ተከትሎ ወጣ። እንግዲህ «አገሩ ረከሰ» ሲባል አንዳንድ ጊዜ የረከሰው የሰው ድካም መሆኑን አንርሳ።

ይህን ስንል እንግዳውን ለመክሰስ አይደለም። የመጣው ሰው ሥራ ይፈጥራል፣ ዕውቀት ያካፍላል። ለዋጋው መናርም ብቸኛ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዶላር የሚያገኝ ሰው የቤት ሠራተኛውንና ዘበኛውን «የአገሩ ዋጋ ይህ ነው» ብሎ ከጉልበታቸው በታች ሲከፍል፣ ያገኘውን ቅናሽ ከእነርሱ ኪስ እንደወሰደ ይወቅ። የሠራተኛ ሐቅ በገበያ ዋጋ ብቻ አይመዘንም። ያለ ክርክር ሦስት እጥፍ ኪራይ ሲከፍልም ከእርሱ በኋላ ቤት የሚፈልገው አዲስ ተጋቢ እንደሚጎዳ ያስብ።

ወደ አገር ለመመለስ የምታስቡ ቤተሰቦችም ስሌታችሁን አስተካክሉ። ከ2006 ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ ከውጭ የሚያገኙት ገቢ በአንድ ቀን ተቋርጧል። ትናንት «በነጻ ነው» ያሉት ገበያ በማግስቱ ውድ ሆነባቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «በዶላሬ ስንት ይገዛል?» ተብሎ አይደለም፤ «እዚያው ሠርቼ በማገኘው ብር ልጆቼን ማስተማር፣ ማሳከምና የጎረቤቴን ሐቅ መወጣት እችላለሁን?» ተብሎ ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ሮቤም ጎባም መልካም የኑሮ ቦታ ናቸው። መልሱን ለማግኘት ግን ወንድማችን ከገበያው ከመውጣቱ በፊት ዝም ያለችውን አክስቱን ይጠይቅ።