የውትድርና ዘመንን የሚያስቆጥር ማመልከቻ

ሆሳዕና ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ባለጉዳይ ከሾኔም፣ ከሆመቾም፣ ከዱራሜና ከሺንሽቾም ይመጣል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ የውትድርና ዘመናቸው ከጡረታ ስሌት የቀረባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የቀድሞው ሠራዊት በ1983 ሲበተን ወደ ቀያቸው የተመለሱ፣ ከዓመታት በኋላም በትምህርት ቤት ጥበቃ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀጠሩ ናቸው። ጡረታ መውጫቸው ሲደርስ ማኅደራቸው ሲገለጥ የሲቪሉ ዘመን ብቻ ይገኝበታል።

የሚጎድለው ትንሽ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 በኋላ በ1267/2014 ቢተካም ከባለጉዳዮቼ ብዙዎቹ የወጡት በእሱ ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። 10 ለሞላው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል 1.25፣ ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል። 8 ዓመት ብቻ በጥበቃ የሠራ ሰው ዳረጎቱን፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያውን፣ ተቀብሎ ይሰናበታል። 7 የውትድርና ዓመት ከተያያዘለት ግን በሕይወት እስካለ በየወሩ ይከፈለዋል፤ ሲሞትም ግማሹ ለሚስቱ ይተላለፋል። አንድ የጠፋ ወረቀት የአንድን ቤት ኑሮ የሚወስነው እንዲህ ነው።

ሌላ ቦታ ተጽፈው የሚመጡ ማመልከቻዎችን አነባለሁ። አብዛኞቹ በናቅፋና በምጽዋ ጦርነት ይጀምሩና ገጹ ሲያልቅ «ስለዚህ ጡረታዬ ይስተካከልልኝ» ይላሉ። የተዋጋው ሰው መከራውን መናገሩ መብቱ ነው፤ እኔም ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ሆኖም በመከላከያ መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ማኅደሩን ፈልጎ የሚያወጣው በመለያ ቁጥር፣ በክፍሉ ስምና በቅጥር ዘመን ነው። በዚያ ላይ መከላከያ ጡረታ አስሉልኝ ቢባል ሥራው አይደለም። ከእሱ የሚጠየቀው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለገልኩ መሆኔ ተገልጾ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ይጻፍልኝ» ተብሎ ብቻ ነው። ስሌቱ የሚጠየቀው ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ በሌላ ማመልከቻ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ያደባለቀ ሰው ሁለቱም ቦታ «አይመለከተንም» ይባላል።

«ሃምሳ አለቃ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተቀጠሩ?» ብዬ ብጀምር የማገኘው ግምት ነው። ስለዚህ ሥልጠናው የት እንደነበር እጠይቃለሁ፤ ታጠቅ ነው? ጦላይ? ሁርሶ? ስንተኛ ዙር? ከቤት የወጡት ከሀዲያው በዓል ከያሆዴ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለከምባታው ሰው የራሱን በዓል፣ መሳላን፣ እጠራለታለሁ። ወሩ ከበዓሉ ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ ዓመቱንም አብሮ የዘመተው የመንደሩ ልጅ ያስታውሰዋል። የመለያ ቁጥር ግን ማስታወስ አይጠይቅም። የልጆቹን የልደት ዓመት የሚያምታታ ሽማግሌ ቀና ብሎ ተቀምጦ ከመጀመሪያው አኃዝ እስከ መጨረሻው አንድ ሳያስቀር ይጠራልኛል። ሲሰናበቱ ዳረጎት ወስደው እንደሆነም ሳልጠይቅ ብዕር አላነሳም፤ መልሱ የጉዳዩን አቅጣጫ ይለውጠዋል።

አድራሻው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የድሮው ማኅደር «ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ከምባታና ሀዲያ አውራጃ» ይላል። የቆየው የቀበሌ መታወቂያ «ደቡብ ክልል» ይላል። ከ2015 ወዲህ የሚሰጠው ደግሞ «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ»። ሦስቱም አንድ ቦታ መሆናቸውን በማመልከቻው ውስጥ በግልጽ እጽፈዋለሁ። ስምም እንዲሁ ነው፤ ጸሐፊው በጆሮው እንደሰማ ስለሚመዘግብ ኤርሲዶ የነበረው የአያት ስም ኢርሲዶ ሆኖ ይገኛል። ቤት ውስጥ በሀዲይኛ ስሙ የሚጠራው ልጅ ጦር ውስጥ ታደሰ ተብሎ ዘመኑን የጨረሰበት ጊዜም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ምስክር አስይዤ መጀመሪያ ፍርድ ቤት እልከዋለሁ፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ሳይረጋገጥ ማኅደር ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ ገንዘብ መጨረስ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ግን ተስፋ አልሰጥም። ሕጉ የሚይዘው ሰውየው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ነው። ጡረታ ሲቃረብ ዕድሜ መቀነስን ለመከላከል እንደሆነ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ተገቢ ነው። ግን በ16 ዓመቱ ሄዶ «20» ተብሎ የተጻፈው የገጠር ልጅስ? የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በወጥነት የተጀመረው በ2008 ነው፤ ያኔ ምን ማስረጃ ሊያቀርብ ይችል ነበር? ኋላ ሲቪል መሥሪያ ቤት ሲገባም ያው ዕድሜ ተከትሎት በ56 ዓመቱ 60 ሞላህ ተብሎ ይወጣል። 4 ዓመት በ1.25 ሲባዛ 5 በመቶ ነው፤ ያ በየወሩ ይቀርበታል። ይህን አግባብ ነው ማለት አልችልም። ቢሆንም መሳፈሪያውን በማይሳካ ነገር ላይ እንዳያጠፋ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ ያለንን ጉልበት በአገልግሎት ዘመኑ ላይ እናውላለን።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሆናል፤ የስንብት ወረቀት፣ የድሮ መታወቂያ ወይም የሆስፒታል ካርድ ካለ ኮፒው ይያያዛል፣ ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ግልባጭ ላይ ፊርማና ማኅተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳያስደርጉ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት እንዳይነሱ አደራ እላለሁ። መልሱ ሲዘገይ የሚጠየቀው በዚያ ቁጥር ነው። ውሳኔው ቅር ካሰኘም ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ መጀመሪያ የሚያየው መቼ እንዳመለከቱና ምን ተብሎ እንደተመለሰላቸው ነው።