«ማስታመም» እና «ነርሲንግ»፤ የነርስነት ንድፈ ሐሳቦች ከአማርኛ ስያሜያቸው አንጻር

የነርስነት ንድፈ ሐሳብ በሥራው ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የነርሶች ጥያቄ እንደሆነ ይታወቃል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ያንኑ ጥያቄ ከቃል ወገን ነው። ይኸውም ንድፈ ሐሳቡ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚሰጡት አቻ ቃላት፣ ነርሷ ከበሽተኛው አጠገብ የምትሠራውን ሥራ ወዴት ይመሩታል የሚለው ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ማክሰኝት የሚሄድ መንገደኛ ፀዳን ያገኛል። ስሟ አንዳንዴ በ«ፀ»፣ አንዳንዴም በ«ጠ» ይጻፋል፤ «ጸበል» እና «ጠበል»፣ «ጸጉር» እና «ጠጉር» እንደሚባለው መሆኑ ነው። (ስሙ «ጸዳ» ከሚለው ግሥ ጋር መገጣጠሙን ግን ለሥርወ ቃል ማስረጃ አናደርገውም።) የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኝባት በመሆኗ በዙሪያዋ የሠልጣኝ ነርስ እጥረት የለም። ሠልጣኞቹ ንድፈ ሐሳቡን የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው የሚተኛውና የሚያቃስተው በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ እያንዳንዷ ነርስ በየራሷ ትሠራዋለች።

በዚሁ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ስንገኝ የሰማነውን ለምሳሌ እናቅርብ። አንዲት ወጣት ነርስ የስኳር በሽታ ያለባቸውን አሮጊት ስታሰናብት፣ «እማማ፣ እንግዲህ ራስዎን ይንከባከቡ፤ እሽ?» አለቻቸው። እሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ተይ ልጄ፤ በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ልንከባከብ? ልጆቼን ተንከባክቤ አሳድጌያለሁ፤ ይበቃኛል» ብለው ወጡ። ነርሷ ልትል የፈለገችው እግርዎን በየቀኑ እያጠቡ ቁስል እንዳይኖር ይዩ፣ በባዶ እግርዎ አይሂዱ፣ መድኃኒቱንና ምግቡን ሰዓቱን ጠብቀው ይውሰዱ ነበር። አሮጊቷ የሰሙት ግን ተቀማጠሉ የሚል ነው። ስሕተቱ የነርሷ አይደለም፤ የተሰጣት አቻ ቃል ነው።

የቃል ችግር በዚህ ሙያ አዲስ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው ስለ ነርስነት በሚናገረው መጽሐፏ፣ «ነርሲንግ» የሚለውን ቃል የምትጠቀምበት የተሻለ ስላጣች እንደሆነ ገልጻለች። በዘመኗ ቃሉ መድኃኒት ከመስጠትና ቁስል ላይ ከመለጠፍ የማያልፍ ስለነበር፣ ንጹሕ አየርን፣ ብርሃንን፣ ሙቀትን፣ ንጽሕናን፣ ጸጥታንና ተስማሚ ምግብን እንዲያካትት ትሻ ነበር። እንግዲህ የዘመናዊው ነርስነት የመጀመሪያ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው የተነሣው ከአንድ የፍች ቅሬታ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ከላቲን «መመገብ» የመጣ፣ ጡት ማጥባትንና ሞግዚትነትንም የሚያቅፍ ሰፊ ቃል ነው። ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ይህን ሁሉ በር ላይ ጥሎ፣ ነጭ ልብስና መርፌ ብቻ ይዞ ገባ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ቃል አጥቶ አይደለም። «አስታመመ» ከ«ታመመ» የወጣ ግሥ ነው። እንዲታመም አደረገ ማለት አይደለም፤ ያ ፍች «አሳመመ» ለሚለው ተሰጥቷል። «አስታመመ» ከታማሚው ጋር መቆየትን፣ ሕመሙን አብሮ ማሳለፍን ይናገራል። ሰውንም ሕመምንም ተሳቢ አድርጎ ይቀበላል፤ «እናቱን አስታመመ» እንላለን፣ «ሕመሙን እያስታመመ ነው» እንላለን፤ አልፎ ተርፎ ያረጀ መኪናውን «እያስታመመ ይነዳል» ይባላል። ይሁን እንጂ «ነርስ» የሚለው የውሰት ቃል የባለሙያውን ቦታ ሲይዝ «አስታማሚ» ለዘመድ ብቻ ቀረ። ዛሬ የሆስፒታል ዘበኛ በር ላይ «አስታማሚ ነህ ወይስ ጠያቂ?» እያለ ሲለይ፣ ነርሷ ከሁለቱም ወገን አትቈጠርም።

ክፍፍሉ የቃል ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀን ነበር። ቨርጂኒያ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስን ልዩ ተግባር በዐሥራ አራት መሠረታዊ ፍላጎቶች ዘርዝራዋለች፤ መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት፣ መጸዳዳት፣ መገላበጥ፣ መተኛት፣ መልበስ፣ ገላን መታጠብ፣ ስሜትን መናገር፣ እንደ እምነት መጸለይ፣ ወዘተ. ናቸው። አሳቧ በአጭሩ፣ በሽተኛው ዐቅሙ ወይም ዕውቀቱ ቢኖረው ለራሱ ያደርገው የነበረውን ነርሷ ታግዘዋለች የሚል ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚሠራቸው ማን ነው? አስታማሚው ነው። የሚያጎርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ ሽንት የሚያቀብለው እሱ ነው። ነርሷ በበኩሏ መርፌ ትወጋለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ትመዘግባለች። ለአንድ ነርስ የሚደርሱት በሽተኞች ብዛት ለዚህ ትልቁ ምክንያት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከጃናሞራ ወይም ከደባርቅ ብቻውን ወደ ጎንደር የመጣ በሽተኛ «አስታማሚ የለውም» ሲባል፣ ነርስ በሌለበት ክፍል ተኝቷል ማለት አይደለም። ነርስ እያለችም ያልታጠበ፣ ያልጎረሰ ሰው መኖሩን የሚገልጽ የተለመደ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሰሚውም አይደነቅም። ሄንደርሰን ነርስነት ያለችውን አማርኛው ከነርሷ ላይ አንሥቶ ለዘመድ ሰጥቶታል። ይህን የምናርመው «የነርስ እንክብካቤ» በሚል ለስላሳ ሐረግ አይመስለንም፤ «እንክብካቤ» ለልጅም፣ ለእንግዳም፣ ለአትክልትም የሚሆን፣ ማንንም ለምንም የማያስገድድ ቃል ነውና።

ስለ ሙያ ስያሜ ካነሣን በጎንደር የሆነውን አለመጥቀስ አይቻልም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። የመጀመሪያው «ጤና መኮንን» ተብሎ የሹመት ስም አገኘ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ «ኮሚኒቲ ነርስ» እና «ሳኒታሪያን»፣ በውሰት ስማቸው ቀሩ። ማን አዛዥ ማን ታዛዥ እንደሆነ ከስያሜው ብቻ መረዳት አይከብድም። ሴቷ ነርስ «ሲስተር» የሚል መጠሪያ አግኝታለች፤ ወንዱ ነርስ ግን እስከ ዛሬ «አቶ» ነው።

ወደ ዶሮቲያ ኦሬም እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1971 በመጽሐፍ የወጣው ንድፈ ሐሳቧ ሰው ለራሱ ጤና የሚያደርገውን ሁሉ መነሻ አድርጎ፣ ዐቅሙ ሲያንሰው ነርስ የምትገባበትን ቦታ ይወስናል። በየማስታወሻው የምናገኘው ትርጉም «የራስ እንክብካቤ ጉድለት» የሚል ነው። «እንክብካቤ» ምን እንዳስከተለ ከላይ አይተናል፤ «ጉድለት» ግን የባሰ ነው። በአማርኛ ጉድለት ያለበት ሰው ጥፋት ያለበት ሰው ነው፤ የገንዘብ ያዥ ጉድለትም የሚያስቀጣ ነገር ነው። ሐረጉን የሰማ በሽተኛ ራሱን ባለመጠበቁ እንደተወቀሰ ቢቈጥረው አይፈረድበትም። «ራስን ለመጠበቅ ዐቅም ማነስ» ቢባል ይረዝማል እንጂ አይወቅስም። «ራስን መጠበቅ» ደግሞ በመከላከል ትምህርት ሕዝቡ የለመደው ሐረግ ነው።

ኦሬም ነርሷ የምታግዝባቸውን መንገዶች በሦስት ትከፍላቸዋለች፤ ሁሉን ማድረግ፣ በከፊል ማድረግ፣ እየደገፉ ማስተማር። ተርጓሚዎቻችን ለእነዚህ ረጃጅም ስሞች ሲያበጁ እናያለን። የአማርኛ ግሥ ግን ሥራውን ቀድሞ ሠርቶታል። «አጠበችው» ስንል ሁሉን ያደረገችው እሷ ናት። «አስታጠበችው» ስንል ውኃውን የምታፈስለት እሷ ናት፣ የሚታጠበው ራሱ ነው፤ ይህንም በማዕድ ፊት እጁን የታጠበ እንግዳ ሁሉ ያውቀዋል። «ታጠበ» ስንል እሷ ያስተማረችውን እሱ አደረገው። «አስታጠበ» እና «አስታመመ» ቅርፃቸው አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። አንድ አስተማሪ በዚህ ሦስትዮሽ ተጠቅሞ ቢያስረዳ፣ ትናንት ስታጥበው የነበረውን በሽተኛ ዛሬ ማስታጠብ እንዳለባት ነርሷ ያለ ብዙ ሐተታ ትረዳዋለች። ንድፈ ሐሳቡም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የካሊስታ ሮይ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበችው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ለሚገጥመው ለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ጤናማ ወደሆነ አቅጣጫ እንዲመራ ነርስ ታግዛለች ይላል። የዚህ አቻ «መላመድ» ተብሏል። ነገር ግን «ሕመሙን ለመደው» በአማርኛ ተስፋ የቈረጠ፣ ማቃሰቱን የተወ ሰው ነው። ይባስ ብሎ በዚያው ሆስፒታል «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚባል በሽታ አለ። በአንዱ ክፍል መላመድ የባክቴሪያው ክፋት፣ በሌላው የበሽተኛው ድል ሊሆን አይችልም። «መቋቋም» ይሻል ነበር፤ ሮይ ግን ለመቋቋም ሌላ ቦታ ስለሰጠችው ሁለቱን መደባለቅ ይሆናል። እዚህ ላይ የተሻለ አላገኘንም።

ስለ ናይቲንጌል አየር አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። «አካባቢ» የሚለው የንድፈ ሐሳቧ አቻ ሰፈርንና ደንን ያስታውሳል እንጂ የተዘጋ መስኮት አያስታውስም። በደጋው አገር በሽተኛን ነፋስ እንዳይመታው መጠበቅ የአስታማሚ ዋና ግዴታ ነው፤ ብርድና ምች የሚፈሩ፣ ዳማ ከሴ የሚቀጠፍላቸው ሕመሞች ናቸው። (በአውቶቡስ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሁሉ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል።) ስለዚህ «ነፋስ ይግባ» የምትል ነርስ በሽታ እየጠራች ነው። «አየሩ ይለወጥ» ብትል ግን ቢያንስ የምትከራከረው ሰው ታገኛለች።

«ነርስ» የሚለው የውሰት ቃል ይጣል አንልም፤ ሕዝቡ ተቀብሎታል፣ ባለሙያዎቹም ይኮሩበታል። ሙያውም «ነርሲንግ» ከሚባል «ነርስነት» ቢባል የአማርኛን ምዕላድ ይከተላል። የምንለው፣ ነርሷ የምትሠራው ሥራ ግሥ ያስፈልገዋል፤ ግሡም «አስታመመ» ነው። «ነርሷ አስታመመችው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዛሬ ለጆሮ እንግዳ ከሆነ፣ እንግዳ ያደረገው የሥራ ክፍፍሉ እንጂ ሰዋስው አይደለም።

ይህ አሳብ የማይሸፍነው አንድ ትልቅ ክፍል አለ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር የሠለጠኑት የማኅበረሰብ ነርሶች የሚሄዱት ወደ ታመመ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ጤነኛ እናትንና ጤነኛ ሕፃንንም ያዩ ነበር። «ማስታመም» ያለ ሕመም አይቆምም። «ማረስ» ለአራስ ብቻ ነው፤ «መጦር» ለሽማግሌ ነው። ለጤነኛው ሰው የሚደረገውን ይህን ሥራ በአንድ ግሥ የሚጠራ አነጋገር በወገራ፣ በዳባት ወይም በሌላ ስፍራ የሰሙ አንባቢዎች፣ ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩና ከተሰማበት ቦታ ጋር ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።