ጠረጴዛውን ማን ያነሳል?

የቴሌቪዥን ጌም የሚጫወቱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በጆይስቲክ ነው፤ ቁጭ ብለሽ በጣትሽ ቁልፍ ትነኪያለሽ። ሌላው በሰውነት ነው፤ እጅሽን ስታወናጭፊ ስክሪኑ ላይ ያለውም ሰውዬ ያወናጭፋል። ሳዑዲ ልጆች ያሉበት ቤት የሠራች እህት ሁለቱንም ሳታይ አልቀረችም። ብዙ ሰው የሰውነቱ ይሻላል፣ ስፖርት ነው፣ ለሁሉም ቀላል ነው ይላል። እኔ የምፈርደው ለጆይስቲክ ነው።

መጀመሪያ ግን የሰውነቱን ደግ ነገር ልናገር። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ዊ የሚባለውን ማሽን ያወጣው በ2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መያዣው የቲቪ ሪሞት ይመስላል፣ ውስጡ እንቅስቃሴ የሚለካ ዕቃ አለ። ቴኒስ ለመጫወት እንደ ራኬት መወዝወዝ ነው፤ አስር ቁልፍ መሸምደድ የለም። አያት ከልጅ ልጇ ጋር ተጫወተች። ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጆይስቲክ በር ዘግቶባቸው የነበሩ ሰዎች የገቡት በዚህ ነው፣ እኛም ከነሱ ውስጥ ነን። ሀገር ቤት ፕሌይስቴሽን ቤት የማን እንደነበረ ታውቃላችሁ። ወንዶቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ፊፋ ሲጫወቱ እኛ ጀሪካን ይዘን እናልፋለን። ጣታቸው የተፍታታው እዚያ ነው። አንድ ወንድ «ጆይስቲክ እኮ ቀላል ነው» ሲል ስንት ዓመት እንደተማረው ረስቶ ነው።

ስፖርት ነው የሚሉት ግን አይዋጥልኝም። ዊ ላይ ቴኒስ ለማሸነፍ ክንድ ሙሉ መወርወር አያስፈልግም፤ አንጓን ቆረጥ ማድረግ ይበቃል። ልጆች ይህን በሁለተኛው ቀን ይደርሱበትና ሶፋ ላይ ተጋድመው ይጫወታሉ። ጀስት ዳንስ የሚባለው የጭፈራ ጌም ደግሞ፣ በ2009 እዚያው ዊ ላይ የወጣው፣ ነጥብ የሚሰጠው ሪሞቱን የያዘውን ቀኝ እጅ አይቶ ነው። እግርሽ ቢጨፍር ባይጨፍር ግድ የለውም። ጆይስቲክ ላይ እንዲህ ያለ ማታለል የለም። ቁልፉን በሰዓቱ ነክተሻል ወይ አልነካሽም።

ማይክሮሶፍት በ2010 ኪኔክትን ሲያመጣ ጭራሽ በእጅ የሚያዘውን አስቀረው። ካሜራ ነው፤ ሰውነትሽ ራሱ መቆጣጠሪያ ነው ተባለ። ታዲያ ይህ ካሜራ ከቲቪው ፊት ለአንድ ሰው 1.8 ሜትር፣ ለሁለት ሰው 2.4 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋል። ሰፊ ልብስም ያስቸግረዋል፤ ረጅም ቀሚስ ውስጥ ያለ እግር የት እንዳለ ማወቅ ይከብደዋል። እኛ ደግሞ የምንውለው በምን እንደሆነ ይታወቃል። ማስታወቂያው ላይ ሳሎኑ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ጠረጴዛውን ማን አነሳው? የሻይ ብርጭቆውን ማን ሰበሰበው? ጨዋታው ሲያልቅስ ማን መለሰው? ዊ እንደወጣ የሪሞቱ ማሰሪያ እየተበጠሰ ሪሞቱ ቲቪ ላይ ሲወረወር፣ ኒንቴንዶ በጠንካራ ማሰሪያ እቀይራለሁ ብሎ ነበር። ስባሪውን ማን እንደሚጠርግ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ጆይስቲክ የሚፈልገው አንድ ትራስ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል ለዋለች፣ ወገቧን ለሚያማት ሴት፣ ማታ ደግሞ ተነሺና ዝለይ ማለት ምን ዓይነት መዝናኛ ነው?

ፍርዴን ትንሽ ያነቃነቀው ሹመይሲ ያየሁት ነው። ወደ ሀገር ለመግባት ተራ ስንጠብቅ አንዲት ልጅ ከአሰሪዎቿ ልጆች ጋር የተማረችውን የጀስት ዳንስ ጭፈራ አሳየችን። ማሽን የለም፣ ዘፈኑን የምትለው በአፏ ነው። በሦስተኛው ቀን አስራ አምስት የምንሆን ሴቶች እኩል እንዞር ነበር። የወሎዋ ልጅ ትከሻዋን ጨመረችበት፣ የጅማዋ ሳቀችባትና እሷም የራሷን አስገባች። ቀኝ እጅ ብቻ እያየ ነጥብ የሚሰጥ አልነበረም። ጆይስቲክ የለመደ ጣት ያለ ማሽን ይህን ማድረግ አይችልም፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን እዚያ የሠራው ጭፈራው ነው ወይስ ሪሞቱ? ጭፈራውማ ከማሽኑ በፊትም ነበረ።

ገንዘቡም ያለው ከጣት ጋር ነው። በ2024 ሪያድ በተጀመረው የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ ሽልማቱ በጠቅላላ 60 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ሰዎቹ የተወዳደሩት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነው። በ2017 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች ሁለቱንም አስታርቋል፤ ማርዮ ካርት ላይ መያዣውን እንደ መሪ እያዘነበልሽም፣ በቁልፍም መንዳት ትችያለሽ። ልጆች ሲለምዱ የትኛውን እንደሚመርጡ እዩልኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው ሀገር ገብታ ባጠራቀመችው ብር ጌም ቤት ልክፈት የምትል እህት ስለማትጠፋ ነው። ኪኔክት በርካሽ አገኘሁ ብለሽ አትግዢ፤ መሥራቱን በ2017 አቁመውታል፣ ቦታውም ጠባብ የኪራይ ክፍል አይበቃውም። በዚያው ቦታ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አራት ጆይስቲክና አግዳሚ ወንበር ይገባል። ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ለሴት ልጆች ብቻ ለይላቸው፣ ለጀማሪም ቁልፎቹን አንቺው ራስሽ አሳያቸው። ወንድሞቻቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ።