ሬዲዮኑ ወይስ ተናጋሪው?



«ልጆቻችንን ያበላሸው ቴሌቪዥኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ስልኩ ተጨመረ» የሚል ወቀሳ በየቤቱ ይሰማል። ወቀሳው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ጣታችንን ወደ መሣሪያው ስንቀስር ራሳችንን ከተጠያቂነት ነፃ እያወጣን እንዳይሆን ያሰጋል።

እ.ኤ.አ. በ1940 ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኤሪ በተባለ አውራጃ 600 ያህል መራጮችን ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሱ ጠየቁ። ዓላማቸው ሬዲዮና ጋዜጣ የሰውን አሳብ እንዴት እንደሚለውጡ መመርመር ነበር። በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ግን ቅስቀሳ ሰምቶ ወገኑን የለወጠው ጥቂት ሰው መሆኑን ገለጹ፤ አብዛኛው ቀድሞ የያዘውን አጠናከረ። ብዙው ወሬም ወደ ሕዝቡ የሚደርሰው፣ ከሬዲዮ ሰምቶ ለሌላው በሚያካፍል የሚታመን ሰው በኩል ነው አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ የሚታመን ሰው በእኛ ቤት ማን ነው? አባት ነው፤ እናት ናት፤ ኡስታዝ ነው። እኔ ራሴ በመድረሳ ያልተጣራ ወሬ ለተማሪዎቼ ነግሬ፣ ሐሰትነቱ ሲታወቅ ዓይናቸውን ማየት አፍሬአለሁ። ያመኑት ሬዲዮኑን ሳይሆን እኔን ነበርና! በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬን እንድናጣራ የታዘዝነው ለዚህ አይደለምን?

መጽሐፉ ግን ጉድለት አለበት። የመረመረው የአዋቂዎችን ምርጫ ነው፤ ያውም የጥቂት ወራት። የራሱ አቋም ገና የሌለው ሕፃን ለዓመታት ከመስኮቱ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ጆርጅ ገርብነር የተባለው ምሁር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያጠናው ይህንን ቀስ በቀስ የሚሰርገውን ተጽዕኖ ነው። ቴሌቪዥን የሚያበዛ ሰው ዓለምን ከሆነችው በላይ አስፈሪ አድርጎ የማየት ዝንባሌ አለው ሲልም ደመደመ። እንግዲህ ላዛርስፌልድ ለአዋቂው የሰጠው ማጽናኛ ለልጅ አይበቃም።

ወላጆች ሆይ! መሣሪያውን መዝጋት አንድ ነገር ነው። ከልጁ ጎን ተቀምጦ «ይህን ያለው ማን ነው? እንዴትስ አወቀ?» ብሎ መጠየቅን ማስተማር ግን ከዚያ ይበልጣል። ይህን ጥያቄ ልጁ የሚማረው ደግሞ አስቀድመን እኛ ስንጠይቅ ሲሰማ ነው።

አላህ ምላሳችንን ካልተጣራ ወሬ ይጠብቅልን። አሚን።